አዲስ አበባ በማን ትሞላለች? ስለ ከተማዋ የሕዝብ ዕድገትና ፍልሰት

«የአዲስ አበባ ሕዝብ ስንት ነው?» ብላችሁ ታክሲ ውስጥ ብትጠይቁ፣ «አሥር ሚሊዮን ደርሷል» የሚል ሰው አይጠፋም። የመንግሥት ሰነድ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ቁጥር ይጽፋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰንጠረዥ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ቁጥር ይዟል። ተሳፋሪውን ለጊዜው እንተወውና፣ ሁለቱ ተቋማት እንኳ የማይስማሙት አንዱ ዋሽቶ ሌላው እውነት ስለተናገረ አይደለም። ከተማዋ ከተቆጠረች ብዙ ዓመት አልፏል፣ ሰዎቿ የሚኖሩበት ቦታና በካርታ ላይ ያለው ወሰኗ አንድ መሆኑ ቀርቷል፤ የምታድግበትም መንገድ ብዙዎቻችን ከምንገምተው ይለያል። አዲስ አበባ የምትወልደው ጥቂት ነው። የሚሞላት ሌላ ቦታ ተወልዶ፣ ሌላ ቦታ አድጎ፣ ለሥራ ሲደርስ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ይህ ነገር ከገባን ስለ ቤት፣ ስለ ውኃና ስለ ታክሲ ሰልፍ የምንሰማው አቤቱታ ሁሉ ትንሽ ይጠራልናል።

ከቁጥሩ እንጀምር። በእጃችን ያለው የመጨረሻው ቆጠራ በግንቦት 1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲሆን፣ ያኔ በአዲስ አበባ 2,739,551 ሰው ተመዝግቧል። ከእሱ በፊት በጥቅምት 1987 ዓ.ም. 2,112,737፣ በግንቦት 1976 ዓ.ም. ደግሞ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ወደ ኋላ ራቅ ብለን ካየን፣ ማዘጋጃ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ራሱ ባካሄደው ቆጠራ ያገኘው 443,728 ነዋሪ ነው። በ46 ዓመት ውስጥ የከተማዋ ሕዝብ ከስድስት እጥፍ በላይ ሆኗል ማለት ነው።

ፍጥነቱ ግን ሁልጊዜ እኩል አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ብሔራዊ ቆጠራዎች መካከል የታየው ዓመታዊ ዕድገት ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ሲሆን፣ ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ 2.1 በመቶ ወርዷል። እነዚህ መቶኛዎች ትንሽ ስለሚመስሉ ያሳስታሉ። ቀላል ዘዴ አለ፦ 70ን ለመቶኛው ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ቁጥር ሕዝቡ እጥፍ እስኪሆን የሚወስደውን ዓመት በግምት ይነግረናል። በ2.1 በመቶ የምታድግ ከተማ እጥፍ ለመሆን 33 ዓመት ያህል ስትፈልግ፣ በ4 በመቶ የምታድገው 17 ዓመት ተኩል ይበቃታል። በመጀመሪያው ስሌት አንድ ሰው ልጆቹን አሳድጎ እስኪድር ከተማዋ እጥፍ ትሆናለች፤ በሁለተኛው ግን ልጁ ገና ትምህርት ቤት ሳይጨርስ እጥፍ ትሆንበታለች።

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም፣ ለ2010 ዓ.ም. ታስቦ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ከሀገሪቱ የጸጥታ ሁኔታ ጋር በተያያዘ ተደጋግሞ ተራዝሞ ቀርቷል። በ1999ኙ ቆጠራ ሰሞን የተወለደ ሕፃን ዛሬ የምርጫ ካርድ ለማውጣት የደረሰ ወጣት ነው። ከዚያ በኋላ የምንሰማው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው፤ ማለትም የ1999ኙን ቁጥር መነሻ አድርጎ በየዓመቱ ይወለዳል የተባለውን መደመር፣ ይሞታል የተባለውን መቀነስ፣ ይመጣል ተብሎ የተገመተውን ጨምሮ ይሄዳል የተባለውን ማውጣት ነው። ስሌቱ የባለሱቅ ደብተር ይመስላል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተዛነፈ ነገር በየገጹ እየተንከባለለ እያደገ ይሄዳል። ለዚህም ነው ለአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ለ2020፣ የሀገራችን ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ትንበያ 3.7 ሚሊዮን ገደማ ሲል፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምት ወደ 4.8 ሚሊዮን የጠጋው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ1 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው፤ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ተደምረው የሚያክል ሕዝብ በሁለት ወረቀቶች መካከል ጠፍቷል ብንል ብዙ አላጋነንም።

መነሻው ቁጥርም ቢሆን ያለ ጥያቄ አልታለፈም። የ1999ኙ ውጤት ሲገለጽ ቀድሞ ከተተነበየው ዝቅ ብሎ በመገኘቱ፣ በተለይ የአማራ ክልል ቁጥር በፓርላማ ሳይቀር አከራክሮ ነበር። እዚህ ላይ ማንንም ሳይወቅሱ ማሰብ የሚገባው ነገር፣ በአዲስ አበባ ለቆጣሪ የሚያስቸግረው ማን እንደሆነ ነው። ቆጣሪ በር አንኳኩቶ የቤቱን አባወራ ወይም እማወራ ይጠይቃል። ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ ደባሎች ቀን ቀን ቤት አይገኙም። ግንባታ ላይ የሚያድረው ዘበኛ አድራሻው ቆርቆሮ አጥር ነው። ከሰል ተራ ወይም አትክልት ተራ በጆንያ ላይ የሚያድረው ተሸካሚ ቤት የለውም፤ የቤት ሠራተኛዋን ደግሞ አሠሪዋ ልታስመዘግባትም ልትረሳትም ትችላለች። የሚዘለሉት በአብዛኛው አዲስ መጪዎች ናቸው፤ ስለዚህ ጎዶሎው የሚደርሰው ከተማዋን በሚያሳድገው ክፍል ላይ ነው።

እስቲ አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ ስንት ልጅ ትወልዳለች የሚለውን የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች የወሊድ መጠን ይሉታል። አንድ ትውልድ ራሱን በልክ ለመተካት ይህ ቁጥር 2.1 ገደማ መሆን አለበት፤ ሁለቱ ለእናትና ለአባት ምትክ፣ ትርፏ ደግሞ ሳያድጉ ለሚሞቱት ማካካሻ ናት። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው የአገር አቀፉ አማካይ 4.6 ሲሆን የአዲስ አበባው 1.8 ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ የከተማዋ ቁጥር 1.4 ደርሶ ነበር፤ ይህ ብዙ የአውሮፓ አገሮች «ሕዝባችን እያረጀ ነው» ብለው ከሚጨነቁበት ደረጃ ጋር የሚመሳሰል ነው። ድሃ በሆነች፣ መካከለኛ ገቢ እንኳ ላይ ባልደረሰች አገር ዋና ከተማ እንዲህ ያለ ነገር መታየቱ ለተመራማሪዎችም እንግዳ ሆኖባቸው ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ሴት የምታገባው ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ሴት በብዙ ዓመት ዘግይታ ነው፤ የወሊድ መቆጣጠሪያም በቀላሉ ታገኛለች። ከዚህ ጋር ግን ቤት የሚባለው ነገር አለ። ሽማግሌ ለመላክ የሚያስብ ወጣት መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ልታኖራት ነው?» ተብሎ ነው። ወላጆቹ በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ከሆኑ፣ እሱ ራሱ የሚተኛው ቆጥ ላይ ወይም በምሽት ተዘርግቶ ጠዋት በሚጠቀለል ፍራሽ ላይ ነው። የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ሆኖ ዕጣ ሲጠብቅ ዕድሜው ሠላሳን ያልፋል፤ ካገባም በኋላ ኪራዩ በየዓመቱ ሲጨምር ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ ደፍሮ አይወስንም። በ1999ኙ ቆጠራ 662,728 ቤተሰብ የተገኘው በ628,984 መኖሪያ ቤት ውስጥ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ከ30 ሺህ በላይ ቤተሰቦች ከሌላ ቤተሰብ ጋር ጣራ ይጋሩ ነበር።

ታዲያ የወሊድ መጠኑ ከመተካካት በታች ከሆነ በከተማዋ ለምን በየዓመቱ ከሚቀበሩት የሚወለዱት ይበዛሉ? መልሱ በዕድሜ ውስጥ ነው። አንድ መንደር ውስጥ አብዛኛው ሰው በሃያዎቹ ውስጥ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ልጅ ብቻ ቢወልድ እንኳ የሕፃናት ልቅሶ ይበዛል፤ ለቀብር የሚጠራው እድር ግን ሥራ ይፈታል። አዲስ አበባ እንደዚያ መንደር ናት። ወጣት የሆነችው ደግሞ በአብዛኛው ወጣቶች ከውጭ ስለሚገቡባት ነው። ስለዚህ በከተማዋ ሆስፒታሎች ከሚወለዱት ሕፃናት ብዙዎቹ ራሳቸው የፍልሰት ፍሬ ናቸው፤ እናቶቻቸው ደሴ፣ ወልቂጤ ወይም ነቀምት አካባቢ የተወለዱ ናቸው። ልደትንና ፍልሰትን በሁለት ዓምድ ለይቶ መጻፍ ለስሌት ቢያመችም በሰዎች ሕይወት ውስጥ ግን የተለያዩ ነገሮች አይደሉም።

በየቆጠራው ከነዋሪው ግማሽ የሚጠጋው ከአዲስ አበባ ውጭ የተወለደ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርዳ ፍል ውኃ አጠገብ ከተቆረቆረች ጀምሮ በመጪዎች የተሠራች ናት። መጀመሪያ ከጦር አለቆች ጋር የመጣው ሠራዊት በየአለቃው ዙሪያ ሰፈረ፤ የደጃች ውቤ ሰፈር፣ የራስ ካሳ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ትዝታ ናቸው። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ለገሃር የሥራ ፈላጊ መግቢያ በር ሆነ፤ ጣልያን መርካቶን ካስፋፋ በኋላ ደግሞ ንግድ የሚፈልገው ወደዚያ ጎረፈ።

መጪው በዘፈቀደ አይመጣም። ከጋሞ ደጋ የወጡ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት፣ የጉራጌና የስልጤ ነጋዴዎች መርካቶን የያዙት ሰው ሰውን እየሳበ ነው። አንዱ ይመጣል፤ ሱቅ ተቀጥሮ፣ እቁብ ጥሎ፣ የራሱን መደብ ሲከፍት የአጎቱን ልጅ ያስመጣል፤ እሱም በተራው ሌላውን። ለመጪው ሰው የትራንስፖርት ገንዘብ ትልቁ ወጪ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የት ይተኛል፣ ማን ሥራ ያሳየዋል የሚለው ነው ከባዱ። ያንን የሚሸፍንለት ቀድሞ የመጣ ዘመድ ስለሆነ፣ ከአንዱ ቀበሌ ብዙ ሰው ሲወጣ ከጎኑ ካለው ቀበሌ ማንም ላይወጣ ይችላል። የመጡትም ጨርሰው አይለቁም። በመስቀል ሰሞን መርካቶ ጭር ሲልና የጉራጌ መስመር አውቶቡስ ወንበር ሲጠፋ፣ በአረፋ ደግሞ ወደ ስልጤ የሚሄደው መንገድ ሲጨናነቅ የሚያይ ሰው፣ «አዲስ አበቤ» የሚባለው ሕዝብ ስንት ቦታ ሥር እንዳለው በዓይኑ ያያል።

ከመጪዎቹ መካከል ሴቶች ይበዛሉ። በ1999 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ የተቆጠሩት ወንዶች 1,305,387፣ ሴቶች ደግሞ 1,434,164 ነበሩ፤ ለ100 ሴት 91 ወንድ ማለት ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከአሥራዎቹ አጋማሽ እስከ ሃያዎቹ ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ከምክንያቶቹ ትልቁ የቤት ሠራተኝነት ነው። ለምሳሌ ላምበረት መናኸሪያ ከወሎ መስመር አውቶቡስ የምትወርድ አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እናስብ። ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ሊድሯት ሲሉ ወይም ትዳሩ ሲከፋባት ወጥታለች። አክስቷ ወይም ደላላ ተቀብሏት በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ቤት ትገባለች፤ መኝታዋና ምግቧ ከአሠሪዎቿ ስለሆነ የመኖሪያ ጭንቀቷ ለጊዜው ይቀልላል፣ ደመወዟ አነስተኛ ቢሆንም ሳይነካ ወደ ቤተሰቧ ሊሄድ ይችላል። ከሁለት ሦስት ቤት በኋላ የማታ ትምህርት የምትቀጥል አለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራይታ ጀበና ቡና የምታፈላ አለች፤ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ የምትሻገርም አለች። ለእሷ አዲስ አበባ መድረሻም መሸጋገሪያም ናት። ታናሽ እህቷን ካስመጣች ደግሞ ሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ጨመረ።

ከገጠር የሚያስወጣው ነገር በአብዛኛው የመሬት ጉዳይ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አርሶ አደር ይዞታውን ሊጠቀምበት፣ ሊያወርሰው ይችላል እንጂ ሊሸጠው አይችልም። በደጋው ክፍል የአንድ ቤተሰብ ማሳ በአማካይ ከአንድ ሄክታር በታች ነው፤ አምስት ልጆች ካሉ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው የጓሮ ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ ወይም ሁለቱ ማሳው ላይ ሲቀሩ ሌሎቹ ይወጣሉ። ይህ የመሬት ሥርዓት ሁለት ተቃራኒ ነገር ያደርጋል ብዬ አምናለሁ። በአንድ በኩል፣ ይዞታውን ሸጦ የከተማ ሥራ መጀመሪያ ማድረግ ስለማይቻልና ለረጅም ጊዜ ጥሎ የሄደ ሰው ይዞታውን የማጣት ሥጋት ስላለበት፣ መሬት ያለውን ጎልማሳ ባለበት ያስቀረዋል። በሌላ በኩል መሬት ያልደረሰውን ወጣት ምንም የሚይዘው ነገር ስለሌለ በቀላሉ ይለቅቀዋል። ከተማዋ በወጣትና ባላገባ ሰው የምትሞላበት አንዱ ምስጢር ይህ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንም ሰው በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የፈለገበት ቦታ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በተግባር ግን በሩ ላይ መታወቂያ የምትባል ካርድ አለች። የአዲስ አበባ ነዋሪነት መታወቂያ ለማግኘት ከቀድሞ ቀበሌ መሸኛ ማምጣት፣ እዚህ ደግሞ «እኔ ጋ ነው የሚኖረው» ብሎ የሚያስመዘግብ ባለቤት ማግኘት ያስፈልጋል። አከራይ ብዙ ጊዜ ተከራዩን ማስመዝገብ አይወድም፤ ግብርን ይፈራል፣ ወይም የሚያከራየው ራሱ ሊያከራየው የማይገባውን የቀበሌ ቤት ነው። በተለያዩ ጊዜያትም ከተማው መታወቂያ መስጠት እስከ ማቆም ደርሷል። ውጤቱ ሰው መምጣቱን አያቆምም፤ መጥቶ ሳይመዘገብ እንዲኖር ያደርጋል እንጂ። ለኮንዶሚኒየም ምዝገባ፣ ለሸማች ማኅበር ስኳርና ዘይት ብቁ ያልሆነ፣ አሥር ዓመት የኖረ «እንግዳ» በየሰፈሩ ሞልቷል።

ከላይ የተባለው ሥራ ፍለጋ የሚመጣውን ይመለከታል። ባለፉት ዓመታት ግን ሳይፈልግ የመጣው ሰው ቁጥር ጨምሯል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. የጀመረው ከሳዑዲ ዓረቢያ የጅምላ መመለስ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው በቦሌ አየር ማረፊያ አስገብቷል፤ ከዚያ በኋላም በሌላ ዙር መቶ ሺዎች ተመልሰዋል። ከእነዚህ መካከል ወደ ትውልድ መንደሩ ባዶ እጁን መግባት ያፈረ፣ ለመሄጃ የተበደረውን ገንዘብ ያልከፈለ ብዙው አዲስ አበባ ላይ ቀርቷል። በሰሜኑ ጦርነትና ከእሱ በኋላ በአማራና በኦሮሚያ በቀጠለው ግጭት ቤቱን ትቶ የወጣ፣ ከኤርትራ በስደት የመጣ፣ ዘመድ ቤት የተጠጋ አለ። የዚህ ዓይነቱ መጪ ከወትሮው የሚለየው ቤተሰቡን ይዞ መምጣቱ ነው፤ አሮጊት እናትና ሕፃናት አብረውት አሉ።

ያም ሆኖ አንድ የተለመደ አባባል መታረም አለበት። «አገሩ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ እየፈለሰ ነው» የሚባለው በቁጥር ሲታይ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። በ1987ቱ ቆጠራ ከአገሪቱ የከተማ ነዋሪዎች ከሩብ በላይ የሚሆኑት አዲስ አበቤዎች ነበሩ፤ በ1999ኙ ድርሻቸው ከሩብ በታች ወርዷል። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ሌሎችም የክልል ከተሞች ዩኒቨርሲቲና የመንግሥት ቢሮ ሲያገኙ መጪውን ተሻምተዋል። አዲስ አበባ አሁንም ከማንኛቸውም በብዙ እጥፍ ትበልጣለች፤ የምትበልጥበት እጥፍ ግን ድሮ ከነበረው ቀንሷል።

ለድርሻው መቀነስ ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱ ደግሞ ወሰኑ ነው። በአስተዳደር ወሰን ውስጥ ያለው የከተማዋ ስፋት ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሰው ግን ወሰን አይቶ አይከራይም። ቡራዩና ሰበታ በ1999ኙ ቆጠራ እያንዳንዳቸው 50 ሺህ የማይሞላ ነዋሪ ነበራቸው። ዛሬ ከአሸዋ ሜዳ ወይም ከአለምገና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚሰለፈውን ተሳፋሪ ያየ ሰው ያን ቁጥር ለማመን ይቸገራል። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት አዲስ አበባ፣ የሚገበያዩት አዲስ አበባ፣ ሲታመሙ የሚሄዱት አዲስ አበባ ነው፤ የሚያድሩት ግን ኪራይ ወደሚረክስበት ኦሮሚያ ነው። ሲቆጠሩ በሚያድሩበት ስለሚቆጠሩ፣ አዲስ አበባ በወረቀት ላይ ቀስ ብላ ስታድግ ዙሪያዋ በፍጥነት ያድጋል። «ታላቋ ከተማ» ሲባል የሚታሰበው ይህ ሁሉ አንድ ላይ ተወስዶ ነው፤ የታክሲው ተሳፋሪ «አሥር ሚሊዮን» ሲል የሚታየው ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም፣ ቁጥሩን ቢያጋንነውም።

ይህን አንድ የሆነ ኑሮ በአንድ ዕቅድ ለመምራት የተደረገው ሙከራ ምን እንዳስከተለ ይታወቃል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያጣምረው ማስተር ፕላን ከባድ ተቃውሞ ገጥሞት፣ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። ተቃውሞው ከሕዝብ ዕድገት ጋር የሚያያዝበት መንገድ ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ ጠርዝ ያለው አርሶ አደር ራሱ ወደየትም አልሄደም፤ ከተማው ነው ወደ እሱ የመጣው። በፍልሰት ሰንጠረዥ ላይ ስሙ አይኖርም፣ ግን ሕይወቱ ከማንኛውም ፈላሽ በላይ ተለውጧል። ለማሳው የተከፈለው ካሳ ካለቀ በኋላ በቀድሞ መሬቱ ላይ በተሠራ ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ታሪክ በዚያ አካባቢ የተለመደ ነው። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሲሆኑ፣ አዲስ አበባ በሌላ ከተማ የተከበበች ከተማ ሆናለች። ነዋሪው አንድ ነው፤ የሚያስተዳድረው፣ መንገድ የሚሠራለትና የሚቆጥረው አካል ግን ሁለት ነው።

በወሰኑ ውስጥም ሰው ከመሃል ወደ ዳር እየተገፋ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ መሃል ከተማው በትንሽ ብር የሚከራይ የቀበሌ ቤት ሆነ፤ ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ስለቆየም ማንም አልለቀቀውም፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ እዚያው ተደራረቡ። ከ1999ኙ ቆጠራ በኋላ ባሉት ዓመታት ሰባት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ሲኖር፣ ከመቶ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሚሰፋው አቃቂ ቃሊቲ በአንዱ ላይ ከ2 ሺህ በታች ነበር። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ሚዛኑን ወደ ዳር ሳቡት፤ የልደታ ሰፈር መልሶ ማልማትና ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በካዛንቺስ የተካሄደው የኮሪደር ልማት ደግሞ የመሃሉን ነባር ነዋሪ በጅምላ አወጣው። አዲሶቹ የለሚ ኩራና የቦሌ ጠርዝ ሰፈሮች ከገጠር በመጣና ከአራት ኪሎ በተነሣ ሰው በአንድነት ተሞልተዋል። ለሁለተኛው ከባዱ ነገር ክፍሉ አይደለም፤ ክፍሉ ከድሮው ይሻላል። የጠፋበት እድሩ፣ ተበድሮ የሚገዛበት ሱቅና በእግሩ የሚደርስበት ሥራ ነው። ብዙ ዕጣ የደረሰው ሰው ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ በርካሽ የሚከራየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኔ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ጋ ነው። የቤት ፕሮግራሙ የታቀደው ባለትዳርና ልጅ ያለው፣ ቤት ገዝቶ ዕድሜውን የሚኖርበት ሰው ታስቦ ነው። ከተማዋን በየዓመቱ የሚያሳድገው ግን ያላገባ፣ የሃያ ዓመት፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት አንዲት ክፍል ብቻ የሚፈልግ ሰው ነው። ለእሱ ማንም አልሠራለትም። ስለዚህ ሰርቪስ ክፍል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአቡጀዴ የተከፈለ ሳሎን፣ ወይም በአንድ ሌሊት የተሠራ ጨረቃ ቤት ይከራያል። ትምህርት ቤት ላይም ይኸው ነው፤ መጪው የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን በትውልድ ቦታው በክልሉ ወጪ ጨርሶ ስለሚመጣ፣ ከአዲስ አበባ የሚፈልገው የማታ ክፍልና የሙያ ሥልጠና ነው።

የቁጥሩ አለመታወቅ በውኃ ላይ ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ይበቃል ብለን ብናቅድና በ1 ሚሊዮን ሰው ብንሳሳት፣ የጎደለው ውኃ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ነው። ይህ ጉድለት ለገዳዲ ግድብ ላይ ወይም አቃቂ ጉድጓድ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ከፍታ ላይ ባለ ሰፈር፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቧንቧ ሲንጫጫ ተነሥታ ቢጫ ጀሪካን በምትደረድር ሴት ነው።

አንድ ጎን ሳይነሣ ቀርቷል፤ የሚሄደው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ጆሃንስበርግ የሚወጣው ሰው በአብዛኛው በከተማዋ ተወልዶ የተማረ ነው፤ እሱ የለቀቀውን ቦታ የሚሞላው ከክልል የመጣ ነው። ቆጠራ ለመጪው ጥያቄ አለው፤ የት ተወለድክ፣ እዚህ ስንት ዓመት ቆየህ ብሎ ይጠይቃል። ለሄደው ግን የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል። ልጅ በዲቪ ሄዶ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወላጆቹን ወስዶ፣ ቤቱም ለሌላ ሰው ከተከራየ፣ ቆጣሪው በሩን ሲያንኳኳ የሚከፍትለት አዲሱ ተከራይ ነው፤ ስለነዚያ ሰዎች በቅጹ ላይ የሚሰፍር አንድም መስመር አይኖርም።